የመጨረሻዎቹ ክቦች

ኅዳር ፫

...እርስዎ ከታች፣ እኔ ከላይ፣ ሻንጣው በመካከላችን። የሄዱ ቀን ደረጃው ላይ ነበርን። ጥቂት ወርደው ቆሙና ወደ እኔ ቀና ብለው «አንቺ እንኳ» አሉኝ። «አንቺ እንኳ...» ከዚያ መንገድ ላይ የቆመው መኪና ጥሩምባውን ነፋ፤ እርስዎም ወረዱ። ከዚያ ወዲያ ያለው የለኝም። ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ድንገት ትዝ አለኝና እጄ ባለበት ቀረ። ምን ሊሉኝ ነበር?

ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ። እንግዲህ ከዚህ እንደተጀመረ ይቁጠሩልኝ፦ ውድ አክስቴ፣ ጤናዎ በመካከላችን ካለው መንገድ ይርዘም። እኛ ደህና ነን። አባዬ ዓይኑ ትንሽ ደከም ከማለቱ በቀር ደህና ነው፤ ሰዓት መጠገኑን ግን አልተወም። «እህቴ ፈታኝ ሆና የሰው አገር ልጆች ታስጨንቃለች» እያለ ይስቃል።

የጻፍኩልዎትም ለዚሁ ነው። የሕግ ትምህርት ቤቱን መግቢያ ፈተና አምና ወድቄ ነበር፤ አባዬ ነግሮዎት እንደሆነ አላውቅም። የሚፈቀደው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው። አምና መጽሐፍ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ ነበር፤ አልጠቀመኝም። ዘንድሮ በሞዴል ፈተናዎች ልዘጋጅ አስቤያለሁ። እርስዎ በአዳራሹ ውስጥ ስንቱን ሲገባና ሲወጣ ያያሉ። የሚያልፉት እንዴት ነው የሚያጠኑት? ምን ያደርጋሉ? ከዚህ ሌላ የምጠይቅዎት ነገር የለም።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር ፳፱

የወንድሜ ልጅ፣ ቀንሽ ብሩህ፣ እንቅልፍሽም ከባድ ይሁን።

መጀመሪያ ይህን «እርስዎ» የሚሉትን ነገር ተዪው። ደብዳቤሽን ሳነብ ትልቅ ወንበር ላይ አስቀምጠሽኝ እግሬ መሬት አልደርስ ያለ መሰለኝ። አንቺ በዪኝ።

ስለ ደረጃው አላስታውስም። ሻንጣው ከባድ እንደነበረ ግን አስታውሳለሁ።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ ስልክና ቦርሳ መቀበል፣ ወረቀት ማደል፣ «ጀምሩ» ማለት፣ በመጨረሻም «እርሳስ አስቀምጡ» ማለት ነው። በመካከሉ በረድፎቹ መሃል ቀስ ብዬ እመላለሳለሁ። ጎማ ጫማ ነው የምንጫማው፤ ኮቴ እንዳይሰማ። አንዳንዴ ያ ሁሉ አንገት ጎንበስ ብሎ ሳየው ውሃ ውስጥ የምሄድ ይመስለኛል። እነሱ ከሥር፣ እኔ ከላይ።

ግን በኮሪደሩ ሲያወሩ እሰማለሁ። የሚያልፉት ስለ ድምር አያወሩም። ከየሞዴሉ በኋላ የሚያደርጉት ነገር አለ፤ እኔም ከእነሱ ሰምቼ ነው። ያስቸገረሽን ሁሉ በሦስት ቀለም ለዪው። ጭራሽ ያልገባሽን በቀይ። ገብቶሽ ሳለ በችኮላ ያበላሸሽውን በሰማያዊ። ሦስተኛው፣ ሰው የሚረሳው፣ ሳታውቂው በግምት ያገኘሽው ነው፤ እሱን በአረንጓዴ። አረንጓዴው ትክክል ሆኖ ይቆጠርልሻል፤ ግን ያንቺ አይደለም። ከዚያ ቀለሙ ወደ በዛበት ትሄጃለሽ። ዕቅድ ማለት ይኸው ነው።

ድምሩን አትላኪልኝ። የመልስ ወረቀቶቹን እራሳቸውን ላኪልኝ።

አክስትሽ


ታኅሣሥ ፲፰

ውድ እትዬ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለስልስልሽ።

እነሆ ወረቀቶቹ። ድምሩን አትላኪ ብለሽኛል፤ ግን ዝም ልል አልቻልኩም፦ ከአምናው ጋር ጭራሽ አይገናኝም። በጣም ከፍ ብሏል። መጀመሪያ የታረመልኝ የሌላ ሰው ወረቀት መስሎኝ ነበር።

ሞዴሎቹን የምፈተነው አባዬ ሱቅ ውስጥ፣ ከመስታወቱ ሣጥን ኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ታስታውሺው እንደሆነ ቦታው ጠባብ ነው፤ ወንበሬን ሳብ ሳደርግ ግድግዳው ይነካኛል። ግድግዳው ሁሉ ሰዓት ነው። አንዱ ጠዋት ላይ ነው፣ አንዱ ማታ ላይ፣ አንዱ ባለቤቱ ሳይወስደው እኩለ ቀን ላይ ቆሞ ቀርቷል። እዚህ ሱቅ ውስጥ ሁልጊዜ ሁሉም ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ ቀጭ ቀጭ ማለታቸው ይረብሸኝ ነበር፤ አሁን ልክ እንደ ዝናብ ሆኖልኛል። ጥያቄው ውስጥ ስገባ ጣሪያ ላይ የሚዘንብ ይመስለኛል፤ ከቤት የማያስወጣ ዝናብ።

ሰዓት የሚይዝልኝ አባዬ ነው። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አጣብቆ፣ በወረንጦ የማላያትን ነገር እያነሳ፣ የኪስ ሰዓቱን አጠገቡ ያደርጋታል። «ጀምሪ» ይለኛል። ከዚያ «ስትጨርሺ ንገሪኝ» ይላል።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አሁን ስሜን ለውጦታል። ባለፈ ቁጥር አንገቱን ያስገባና «ክብርት ዳኛ፣ የእኔ ጉዳይ መቼ ነው የሚታየው?» ይለኛል። «ምን አድርገህ ነው የተከሰስከው?» ስለው «እሱን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ፤ ሚስቴማ ዝርዝሩን ልትነግረኝ አልቻለችም» ይላል። አባዬ ፈተና ላይ ነች ብሎ ያባርረዋል።

እንዳልሽኝ በቀለም ለየሁት። ቀዩ የበዛው የክርክር ጥያቄዎቹ ላይ ነው፤ «ይህን ሐሳብ የሚያፈርሰው የትኛው ነው» የሚሉት። የንባቡ ክፍል ንጹህ ነው ማለት ይቻላል። በጊዜ በኩል ምንም ችግር የለብኝም፤ እያንዳንዱን ክፍል እጨርሳለሁ። ስለዚህ የቀሩትን ወራት በሙሉ ለክርክር ጥያቄዎቹ ሰጥቻቸዋለሁ። ልክ ነኝ?

ካለፍኩ ትምህርት ቤቱ ያለበት ከተማ ሩቅ ነው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ ጉዳይ ከአባዬ ጋር ገና አላወራንም።

የወንድምሽ ልጅ


ጥር ፳፪

ልጄ፣ ሰላም በደጃችሁ ይመላለስ።

የዘገየሁት ወረቀቶችሽን ደጋግሜ ሳይ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቻቸው፣ ምሳዬን ቆሜ ስበላ ሰንብቻለሁ።

ስለ መልሶቹ አይደለም። መልሶቹን እኔ አላውቃቸውም። የማውቀው በእርሳስ የምታጠቁሪያቸውን ክቦች ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ወረቀት ስሰበስብ የማየው እሱን ነው። ሰው ሲጀምር ክቡን ሞልቶ፣ ዳሩን ጠብቆ ያጠቁራል። ወደ መጨረሻው ግን እጁ ይባረራል። ክቡ ይፈሳል፣ ጭረት ይሆናል፣ የመጨረሻዎቹ አንዳንዴ ነጥብ ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹም ባዶ ናቸው። የጎበዞቹም እንደዚያው ነው። የጎበዞቹ እንዲያውም ይብሳል።

ያንቺ የመጨረሻው ክብ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያምራል።

የሚያባርረው የሌለው ሰው እጅ ነው። ምን ለማለት እንደፈለግኩ አላውቅም። ምናልባት አንቺ የተለየሽ ትሆኛለሽ። ግን አንድ ሞዴል ሌላ ቦታ ውሰጂ። ሌላ ሰው ሰዓት ይያዝልሽ፤ የማያውቅሽ ሰው። ለእኔ ብለሽ።

ለጋሼ፣ ለአባትሽ፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሌላ ምንም አትበዪው።

የሄድኩ ቀን የቤቱ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ያ መኪና ጥሩምባ ባይነፋ ኖሮ ገና ጊዜ አለ ብለን ቁጭ ብለን እንጫወት ነበር። ይህን ለምን እንደጻፍኩልሽ እንጃ። እስክሪብቶ ስለሆነ መደምሰስ አልቻልኩም።

አክስትሽ


የካቲት ፭

እትዬ፣ በጤና ቆዪልኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቅር ብሎኛል። ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ ያለ ውጤት ሳገኝ ክቡ አማረ ተብሎ ይጠረጠራል? እጄ ካልተባረረ ተረጋጋች ለምን አይባልም?

ሌላ ቦታ አልወሰድኩም። እዚሁ ሁለት ጨምሬ ወሰድኩ። ሁለቱም ከበፊቶቹ የተሻሉ ናቸው። የክርክሩ ቀይ እየሳሳ ነው።

አባዬ ሰላም ብሎሻል።


የካቲት ፳፱

እትዬ፣ መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፍልሽ። ሰላምታውን በልብሽ ሙይልኝ፤ ዛሬ ቃል አጥሮኛል።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ነበር። አንቺ ስላልሽ አይደለም፤ አንቺ ትክክል አለመሆንሽን ላሳይሽ ብዬ ነው። የመጻሕፍቱን ኃላፊ፣ ሴትዮዋን፣ ሰዓት ያዢልኝ አልኳት። ደስ ብሏት እሺ አለችኝ። ምንም የሚረብሽ ነገር አልነበረም። ሰፊ ጠረጴዛ፣ ረጅም መስኮት፣ ከውጭ አንድ ሰው ግቢውን ሲጠርግ ይሰማል። ደስ ብሎኝ ስሠራ መጥታ ትከሻዬን ነካች። «ሰዓቱ ሞላ» አለችኝ። ቀና ስል ሦስተኛውን ምንባብ ገና መጀመሬ ነበር። አራተኛውን አላየሁትም። ተሳስተሻል አልኳት። የእጅ ሰዓቷን ዘርግታ አሳየችኝ። ከዚያ የግድግዳውን አሳየችኝ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሁለት ሰዓቶች ሲስማሙ ሳይ ደነገጥኩ።

አሞኝ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ። ሱቁ በር ላይ ልብስ ሰፊው ቆሞ ነበር። «ምነው ክብርት ዳኛ፣ ፊትሽ ያልተተኮሰ ሱሪ መሰለ» አለኝ። ፈተናውን ሳልጨርሰው ጊዜው አለቀ አልኩት። መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ሳቀ። «እንደ አባትሽ ሰዓት የሚያቆም አጥተሻል ማለት ነው። ለእኔም ደንበኛ ሲያፋጥጠኝ እንደሱ የሚያቆምልኝ ባገኝ» አለ። ምን ማለትህ ነው ስለው ፊቱ ተለወጠ። «ኧረ እንዲያው ጨዋታ ነው» ብሎ ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

በማግስቱ ሌላ ሞዴል ይዤ ተቀመጥኩ። አባዬ «ጀምሪ» አለኝ። አልጀመርኩም። ጎንበስ ብዬ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ አየሁት። መጀመሪያ ደንበኛ ገባ፤ አባዬ የኪስ ሰዓቷን አነሳና በጥፍሩ የጎኗን ቁልፍ ሳብ አድርጎ አቆማት። ደንበኛው ሲወጣ መልሶ ተጫናት። ይህስ ይሁን፤ ጫጫታው የእሷ ጥፋት አይደለም ብሎ ይሆናል አልኩ። ቆይቶ ግን ማንም ሳይገባ፣ ግንባሬን ቋጠር ሳደርግ፣ አሁንም ሳባት። ተኝቶ የተገለጠ ልጅ እንደሚያለብስ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ገጹን ስገልጥ ለቀቃት።

ሳላነብ አጥቁሬ አጥቁሬ «ጨረስኩ» አልኩት። «ጎበዝ» አለኝ።

ያንን ሁሉ ወር ያቀድኩት በቆመ ሰዓት ነው፣ እትዬ። ጊዜ ችግሬ አይደለም ብዬ ጊዜውን ጭራሽ አላጠናሁትም። አምና የወደቅኩትም በእሱ ይሆናል። አምና ለሞከርኳቸው ጥቂት ጥያቄዎችም ሰዓት የያዘልኝ እሱ ነበር።

እስከሚቀጥለው ወር አጋማሽ ምዝገባ መሰረዝ ይቻላል። ከሰረዝኩ ዕድሌ አይቆጠርብኝም፤ ለከርሞ ይቆየኛል። ለአባዬ፣ ምክንያቱን ሳልነግረው፣ ልሰርዝ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። «ምን ያስቸኩላል? ሱቁ አለ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። ደስ ያለው መሰለኝ። ወይም እኔ ነኝ ያስመሰልኩት። አንድን ነገር ደጋግሜ ሳየው ራሱን ይለውጥብኛል።

ልሰርዝ? የቤተ መጻሕፍቱን ወረቀት አብሬ ልኬልሻለሁ፤ እባክሽ ቶሎ መልሺልኝ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ የለም።


መጋቢት ፲

ልጄ፣ ልብሽን ያረጋጋልሽ።

የቤተ መጻሕፍቱንና የሱቁን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ ቆየሁ። መጀመሪያ አዘንኩ። ከዚያ ሌላ ነገር ታየኝ፤ እሱን ልንገርሽና የቀረውን አንቺ ወስኚ።

በሱቁ ወረቀት ያለው ውሸት አይደለም። ማንም ሳያባርርሽ ምን ያህል እንደምታውቂ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ስትባረሪ ምን ያህል እንደሚቀርልሽ ነው። በእኛ አዳራሽ የሚፈተኑት ብዙውን ጊዜ ያላቸው ሁለተኛው ብቻ ነው፤ ሲወድቁ አለማወቅ ይሁን መዘግየት አይለዩትም። አንቺ ሁለቱም አለሽ። ጋሼ ሳያውቀው ሰጥቶሻል። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እዪው፤ ከእንግዲህ የሚጠናው እሱ ነው። የክርክሩን መጽሐፍ ዝጊው፤ እሱን ታውቂዋለሽ። የማታውቂው መተውን ነው።

አራት ምንባብ አለ። ለአንቺ ሦስት ናቸው። አራቱንም መጀመሪያ ገረፍ አድርገሽ እዪና የሚከብድሽን ምረጪ፤ እንደሌለ ቁጠሪው። ጥያቄ አላስኬድሽ ሲል ምልክት አድርገሽ እለፊው። ጥለሽው ስትሄጂ ያምሻል፤ ይመመሽ። የሚያልፉትን አይቻለሁ፤ ገጽ ሲገልጡ ወደ ኋላ አያዩም። ለተተወው መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል አጥቁሪና ተነሺ።

ስለ ጋሼ ምን ልበልሽ? በልጅነታችን ሲጫወት ሳይቀር ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሕጉን ይለውጠው ነበር። እንዳያልቅ። ሁላችንም እንስቅበት ነበር።

ስረዢ ወይም አትሰርዢ አልልሽም። እኔ በዚያን ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ነው የወጣሁት።

አክስትሽ


መጋቢት ፳፰

ውድ እትዬ፣ እጅሽ አይድከም።

የመሰረዣው ቀን አለፈ። አልሰረዝኩም። ያ ቀን ሲያልፍ ከአልጋዬ ሳልነሳ ጣሪያው ላይ ያለውን የውሃ እድፍ ሳይ ነበር፤ ቅርጹ የማላውቀው አገር ካርታ ይመስላል።

ቤተ መጻሕፍቱ ለእድሳት ተዘጋ። ስለዚህ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ተቀምጬ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አስተካክዬ ስጨርስ፣

«አባዬ» አልኩት።

«ምነው?»

«ዛሬ ቁልፏን አትሳባት።»

ቀና አላለም። መነጽሩ ዓይኑ ላይ እንደተጣበቀ ነው።

«የቷን?» አለ።

«ታውቃታለህ።»

ወረንጦውን አስቀመጠ። ያ ሁሉ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ዝናብ ሳይሆን እንደ ሰዓት ተሰማኝ። «እሺ» አለ። የኪስ ሰዓቷን ከራሱ አርቆ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጣት። ከዚያ ሁለት እጁን እንደተማሪ ጭኑ ሥር አስገባና እንዳያያት ወደ መንገዱ ዞረ። ደንበኛ መጣ፤ ራሱን ነቅንቆ መለሰው።

አንቺ እንዳልሽኝ ሠራሁ። መርከብ ስለሚጭኑ ሰዎች ውል የሚያወራ ምንባብ ነበር፤ ደስ የሚል፤ ተውኩት። እየተውኩት ዓይኔ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። የመጨረሻው ክብ ላይ እያለሁ «አበቃ» አለኝ። ይህን ቃል ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

«ስንት ቀረሽ?»

«አንድ ምንባብ።»

«ሙሉውን?»

«ሆነ ብዬ ነው።»

ወረቀቱን ወስዶ መነጽሩን ሳያወልቅ አየው። በዚያ መነጽር ወረቀት አይታይም፤ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። «እንዴት ነው ሰው እያየው የሚተወው?» አለኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እውነት ሊያውቅ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ።

ውጤቱ ከሱቁ ያነሰ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ብዙ የበለጠ ነው። አምና ያለፉት ከደረሱበት ትንሽ ዝቅ ይላል። ትንሽ ብቻ። ክቦቼን ላኩልሽ። የመጨረሻዎቹ አስቀያሚ ናቸው።


ሚያዝያ ፮

ልጄ፣ መንገድሽ የተጠረገ ይሁን።

አየኋቸው። አስቀያሚ ናቸው። ደስ ብሎኛል።

ትናንት በአዳራሹ አንዲት ልጅ ሳትጨርስ ተነስታ ወረቀቷን ሰጠችኝ። ፊቷን አላስታውስም፤ ግን ቀኑን ሙሉ አንቺ መስለሽኝ ዋልሽ። የት ልትደርስ እንደሆነ ላይ በመስኮቱ በዓይኔ ተከተልኳት። መንገዱን ተሻግራ ጠፋች።

ካለፍሽ ሱቁን ጠዋት ማን ይከፍታል ብዬ አልጠይቅሽም። አንቺም አትጠይቂ። ምንም አትላኪልኝ፤ ወረቀትም ቢሆን። ከፈተናው በኋላ ብቻ ጻፊልኝ፤ አጭርም ቢሆን።

አክስትሽ


ሚያዝያ ፳፫

እትዬ፣ ይህ ደብዳቤ በመልካም ሰዓት ያግኝሽ።

ትናንት ተፈተንኩ። ስለ ፈተናው ብዙ አልጽፍልሽም፤ ውጤቱ ሲመጣ ይመጣል። የምጽፍልሽ ከመጀመሩ በፊት ስለነበረው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈዞብኛል፤ ይህ ግን ጥርት ብሎ ቀርቷል።

አባዬ አትምጣ ብለው መጣ። የተቀረጹትን እርሳሶች በወረቀት ጠቅልሎ እሱ ያዘልኝ። በአውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን መስኮቱን ስናይ ነበር፤ ማስታወቂያዎቹን እያነበበልኝ፤ ማንበብ እንደማልችል ሁሉ። ስንወርድ «ቀድመን ደርሰናል» አለ። ልክ ነበር።

አዳራሹ እዚሁ ከተማችን ያለ የልጆች ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ሰማያዊ፣ ከዚያ በላይ ነጭ። ስማችንን እየጠሩ አስገቡን። የእኔ ወንበር ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ ነው። ወላጆች ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ጥቂት ቆይተው ሌሎቹ ሄዱ። አባዬ አልሄደም። የበሩ ደፍ ላይ ቆመ፤ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ላየው አልፈለግኩም፤ አየሁት። ኮቱ ላይ ከሱቁ የመጣች ብናኝ ነገር ታበራለች።

ፈታኙ ረጅም ሰውዬ ነው። የታሸገውን የጥያቄ ካርቶን በሁለት እጁ አቅፎ በጎኑ አልፎት ገባ። እጠረጴዛው ሳይደርስ ዞር አለና፣

«አባት፣ እጄ ሞልቷል፤ በሩን ይዝጉልኝ» አለው።

አባዬ እጀታውን ያዘ። አልዘጋውም። ረድፎቹን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። አፉን ከፈት አደረገ። ምን ሊል እንደሆነ የማውቅ መሰለኝና እርሳሱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ከውስጥ ነው ከውጭ?» አለ።

አጠገቤ ያለችው ልጅ ሳቀች። ፈታኙም ፈገግ አለ። «ከውጭ ነዋ፣ አባት።»

እግሩን አወጣ። በሩ ተዘጋ።